አንድ ቤት፣ አንድ ስም

አምባቸው የእድሩ ጸሐፊ ሆኖ አሥራ አራት ዓመት ሲያገለግል፣ ሞት ካልሰረዘው በቀር ከመዝገቡ አንድ ስም ሰርዞ አያውቅም። ድቁናውን ትቶ ፋብሪካ ቢገባም እጁ የቤተ ክህነት እጅ ነበር፤ ፊደሉ ከመስመር ዝንፍ አይልም፤ ብዕሩን ከማንሳቱ በፊትም ሁልጊዜ በከንፈሩ «በስመ አብ» ይላል።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ የበለሳ ተፈናቃይ ከሹም አቦ ሰፈር ወዲያ ጣና ዳር ሲሰፍር፣ ማንም ሳያዛቸው የደረሱለት የእድሩ ሰዎች ነበሩ። የለቅሶውን ድንኳን ተከሉለት፤ የለቅሶውን ድስት ጣዱለት። የእድሩ ዕቃ ያዥ ዘይነት፣ የባሏን ሱቅም የባሏን የእድር ቦታም የወረሰች መበለት፣ «ለሞተ ስንደክም ኖረን ላልሞተ ብንደክም ምን ይለናል?» ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ኋላ የውጭው ድርጅት መጣ። እህል በካሚዮን ጭኖ ነውና እሰየው ተባለ። ሕፃን አዋቂ ሳይል በያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ የላስቲክ አምባር አሰረ፤ አምባር ያለው ይሰፈርለታል። የእድሩ ሰዎች ከገመዱ ውጭ ቆመው ያዩ ነበር። አራት ወር እንዲህ ሆነ።

ግንቦት ላይ አንድ ጧት የድርጅቱ ኃላፊ ሚስተር ሄንሪክ አስጠራቸው። ከጎኑ አስተርጓሚው ወለላ ቆማለች፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት።

«እስከ ዛሬ አጥፍተናል ይላል» አለች። «እኛ እንግዶች ነን፤ ሰዉን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ መዝጋቢዎቹ እናንተ፣ ወሳኞቹም እናንተ። መተዳደሪያ ደንባችሁን አስተርጉሜ አንብቤ ደስ ብሎኛል። ከእንግዲህ ከመዝገባችሁ አንዲት ፊደል አንነካም ይላል።»

የአምባቸው ዓይን እንባ አቀረረ። በገዛ እጁ የጻፈውን ደንብ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው አንብቦ ደስ ይለዋል ብሎ መች አስቦ ያውቃል!

«እህሉ ስንት እንደሚመጣስ ወሳኙ ማን ነው?» አለች ዘይነት።

ወለላ ጠየቀችው። ሰውየው ፈገግ ብሎ መለሰ። «እሱ እዚያው ማዶ ነው የሚወሰነው ይላል።»

«ሞሰቡን ይዘው ክዳኑን ሰጡን በይኛ!»

«እሜቴ፣ እባክዎ አያሳፍሩን» ሲል አምባቸው አንሾካሾከ።

በማግስቱ ሚስተር ሄንሪክ ፎቶ አንሺ አቁሞ የሰዉን አምባር በመቀስ እየቆረጠ ጣለው፤ የእንግዳ ምልክት ከእንግዲህ አያስፈልጋችሁም አስባለ። ልጆቹ ከመሬት ለቅመው ሊጫወቱበት ሲሉ እናቶቻቸው ነጥቀው በመቀነታቸው ቋጠሩት።

አምባቸው ሦስት ቀን ተቀምጦ መዘገበ። እድር የሚጽፈው ቤትን ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ አባወራ፣ አንድ ስም። ሚስትና ልጅ በአባወራው ጥላ ሥር ሳሉ ማን ለየብቻ ይጽፋቸዋል? ሌላ አጻጻፍ ይኖራል ብሎም በልቡ አላሰበም። ዳኘው የሚባል የበለሳ ገበሬ ከሚስቱ ከአደይና ከሦስት ልጆቹ ጋር ቀረበ። የዳኘውን ስም ጻፈና «ቀጥል» አለ።

«እኔስ፣ ጌታዬ?» አለች አደይ።

«አንቺማ እሱ ውስጥ አለሽ» አላት እየሳቀ።

መቶ አሥራ ሁለት ስም ሆነ። ማኅተም መታበትና አንዱን ቅጂ ለድርጅቱ፣ አንዱን ለቀበሌው ሰጠ፤ የጊዜው ደንብ ነውና።

ሰኞ እህሉ ወረደ። የመቶ አሥራ ሁለት ሰው እህል፤ ለአምስት መቶ ነፍስ።

አምባቸው ወደ ድርጅቱ ድንኳን ሮጠ። «ስሙ የቤት ስም ነው! ተሳሳትሁ፤ ሚስቶቹንም ልጆቹንም ዛሬውኑ ልጨምር» አለ። ሚስተር ሄንሪክ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትዕግሥት ሰማው። ወለላ መሬት መሬት እያየች መልሱን ተናገረች።

«መዝገባችሁን አንነካም ብለን ቃል ገብተናል ይላል። ማዶ ተልኮ ጸድቋል። አሁን ብናስለውጣችሁ እንደ ድሮው በላያችሁ ማዘዝ ይሆንብናል። ስሕተትም ቢሆን የራሳችሁ ስሕተት መከበር አለበት ይላል።»

«የሚከበር ስሕተት!» አለች ዘይነት። «ይህን አክብሮት በምን ወፍጮ ፈጭተን ለልጆቹ እንጋግረው?» እህሉን ሁሉ በለቅሶው ድስት ከታ ቀቀለችው፤ ለያንዳንዱም እፍኝ እፍኝ ደረሰው።

ረቡዕ ደግሞ የሰፈራው ካድሬ ጓድ አስናቀ በሦስት ካሚዮን መጣ። የቀበሌውን ቅጂ ይዟል። ስም ሲጠራ ወንዶቹ እህል መስሏቸው «አቤት» እያሉ ወጡ፤ የወጣው ሁሉ ካሚዮን ላይ ወጣ። ዳኘውም እንደዚያው።

«ጓድ፣ ቤተሰቡስ?» አለ አምባቸው።

«የቱ ቤተሰብ?» አስናቀ ዝርዝሩን ዘረጋለት። «እስቲ እዚህ ላይ የተጻፈ ቤተሰብ አሳየኝ። እጅህ ይባረክ፣ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ዝርዝር አይቼ አላውቅም።»

ወደ ሰፈራው ቦታ፣ ወደ መተከል ነዷቸው። አደይ ትንሿን አዝላ እስከ አስፋልቱ ሮጠች፤ ከዚያ አቧራው ዋጣቸው።

በሚቀጥለው ሰኞ እህሉ መጣ፤ ባለ ስሞቹ የሉም። ስም የሌለው ደግሞ አይሰፈርለትም። ካሚዮኑ እንደ ተጫነ ቆመ።

«አንተ ዲያቆን» አለች ዘይነት፣ «እኔ መዝገብህ ላይ በምን ገባሁ? ባሌ ሲሞት አይደለም? ባል ሲሞት ሚስት ትተካለች አይልም ደንብህ?»

«እነዚህኮ አልሞቱም፣ እሜቴ።»

«ልጆቹ ግን እየሞቱ ነው።»

ሚስተር ሄንሪክ ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። የራሳችሁ ደንብ ከሆነ እንቀበላለን አስባለ። ሴቶቹም ተሰለፉ። እያንዳንዷ በምስክር ፊት «ባሌ ሞቷል» ትላለች፤ የእድሩ ጡሩምባ ይነፋል፤ አምባቸው አንዱን ስም ሰርዞ ሌላውን ይጽፋል። በአሥራ አራት ዓመት ያልሰረዘውን በአንድ ቀን ሰረዘ።

አደይ ብቻ እምቢ አለች። «በቁሙ ላለ ሰው ሙት ልበል? እግዜር ይሰማል» ብላ ሄደች። ሁለት ሳምንት ከሌሎቹ እፍኝ እየለመነች ቆየች። በሦስተኛው ሰኞ መጣች፤ ጀርባዋ ባዶ ነበር፤ ሁለት ልጆች ብቻ ቀሚሷን ይዘው ቆመዋል።

«ሞቷል» አለች።

አምባቸው «በስመ አብ» ሳይል ጻፋት።

ጥቅምት ሲጠባ ከማዶ እንግዶች መጡ። ሚስተር ሄንሪክ መዝገቡን ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል፤ ያገሩ ሰው ራሱ የጻፈው፣ ራሱ የሚመራው ነው ይላቸዋል። ሴቶቹ ጆንያቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። በዚህ መካከል እግሩ ያበጠ፣ ጨርቅ የተጠመጠመበት ሰው ሰልፉን አልፎ ጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«ጸሐፊው፣ አመለጥሁ። ዳኘው ነኝ። በእግሬ መጣሁ» አለ። «ስሜን ጥራኝ።»

አምባቸው ቀና አለ። አንድ ሙት ከተነሣ መቶ አሥራ ሁለቱም መነሣታቸው ነው፤ መዝገቡ ሐሰት ይባላል፤ ካሚዮኑም ይመለሳል።

«ማን ነው ይላል» አለች ወለላ። እሷ ግን አውቃዋለች።

«አላውቀውም» አለ አምባቸው።

ዳኘው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዞር ሲል አደይን ከሰልፉ ውስጥ አያት። «አደይ! ንገሪያቸው እንጂ፣ ምነው?»

አደይ ጆንያዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ትልቁ ልጅ «አባ» ብሎ ሲጀምር መዳፏን አፉ ላይ ከደነችው።

«ባሌ ሞቷል» አለች። «ተጽፏል።»

እንግዶቹ አንዳች ነገር ጠየቁ። ሚስተር ሄንሪክ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ አምባቸው አመለከተ። «ሰውየው የተራበ ይመስላል፤ ቢሆንም ውሳኔው የእናንተ ነው ይላል» አለች ወለላ።

«ከመዝገብ ውጭ ነው።»

ዘይነት ጭልፋዋን ይዛ ድስቱ ዘንድ ቆማ ነበር። ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰችው።

ዳኘው ከእንግዲህ ስሙን አልጠየቀም። ልጆቹን አየ፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፤ ከዚያ የአደይን ጀርባ።

«ትንሿስ?» አለ። «ትንሿ የታለች?»

አምባቸው ጣቱን በመዝገቡ ላይ ወደ ታች አወረደና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።