የሙሴ ዋዝና የከስክሱ ማሰሪያ

ኑ፣ እዚህ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ልጄ፣ ያንን የጨርቅ ቁራጭ ወዲያ አድርጊውና ተቀመጪ። የስፌት መኪናዬ ዛሬ ደክሟታል፤ እኔም ከሷ አልሻልም። እጄ እስኪያርፍ ድረስ የጎረቤቴን የሙሴንና የባለቤቱን የሶፍያን ነገር ላጫውታችሁ። ግማሹን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ያላየሁትን ሁለቱም በየፊናቸው ነግረውኛል።

ሙሴን ታውቁታላችሁ። እኛ ሰፈር፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ወፍጮ ቤት እየጮኸች የምታልፈው አረንጓዴ መኪና የሱ ናት። ዋዝ ትባላለች። ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ አጠር ያለች የሩሲያ የጦር መኪና ናት። ሸራዋን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሙሴ በወጣትነቱ ሰሜን ግንባር እንዲህ ያለችውን ነበር የሚነዳው። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ አገሩ ወደ ሐዋሳ ተመልሶ ብዙ ዘመን የሰው መኪና ነዳ። ኋላ አንድ ካምፕ ያረጁ መኪኖችን በሐራጅ ሲያወጣ፣ ሰው ሁሉ ፒካፕ ፒካፑን ሲሻማ እሱ ይቺን እየጎተተ መጣ።

ሰፈሩ ሳቀበት። "ሙሴ የተባለው ባሕር ከፍሎ አሻግሯል፤ ያንተዋ ኩሬ ስታይ ትቆማለች" አሉት።

እሱ ግን አልተቆጣም። "ባሕሩን ለፈጣሪ ተዉት። ጭቃውን ለሷ ስጧት" አላቸው።

አንድ ቀን ሸራውን ስለካ ጠየቅሁት። ይቺ ሚጢጢ ጦር ሜዳ ምን ትሠራለች አልኩት። ኦራል የሚባለው ትልቁ የጭነት መኪና ከሩቅ ይታያል፣ አቧራው ብቻ ያስገድላል አለኝ። ዋዝ ግን በቦይ ውስጥ ተሹለክልካ ትሄዳለች፤ ግራር ሥር ትደበቃለች፤ ጭቃ ከያዛትም ወታደሮች ትከሻ ሰጥተው ያወጧታል። ወደ ምሽግ ስትሄድ ውሃና ጥይት ትጭናለች፣ ስትመለስ ቁስለኛ። የፊት መስተዋቷን ወደ ሞተሩ ክዳን አጥፈው ጆንያ ያለብሱታል፤ ፀሐይ አርፎበት ብልጭ ካለ ከማዶ ተራራ ላለው ተኳሽ ያሳብቃልና። ስፖኪዮውንም ነቅለው ይጥሉታል። ስለዚህ ሾፌሩ ከኋላው ያለውን የሚያይበት ነገር የለውም።

መስማትም አይችልም፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሸራው ይንፈራገጣል። ለዚህ ሾፌሮቹ አንድ ዘዴ ነበራቸው። የወታደር ከስክስ ጫማቸውን ማሰሪያ ፈትተው አንዱን ጫፍ በቁስለኛው እጅ፣ ሌላውን በራሳቸው ክንድ ያስራሉ። ቁስለኛው ጎተት ሲያደርግ "አለሁ" ማለቱ ነው። ክሩ ቢላላስ? ቢላላም መዞር የለም። መንገዱ በአንድ ወገን ገደል ነው፤ ዓይኑን ከፊቱ ያነሳ ሾፌር የያዘውን ሁሉ ይዞ ይገባል። ነባሮቹ ለአዲስ ሾፌር መጀመሪያ የሚያስተምሩት ይህን ነበር። የሐኪሞቹ ድንኳን ጋ ስትደርስም ሞተር ሳታጠፋ ፊትህን አዙረህ ትቀመጣለህ፤ የሚያወርዱት ሌሎች ናቸው።

"አንድ ቀን የጫንኩት ጓደኛዬን አልአዛርን ነበር" አለኝ ሙሴ።

ክሩ አንድ ኩርባ ላይ ላላ። ሙሴ አልዞረም። አልአዛርን አወረዱለት፣ ሙሴን ወዲያው ወደ ምሽግ መለሱት። ኋላ ሲጠይቅ ድንኳኑም ሐኪሞቹም ተበታትነው፣ የሚያውቅ አጣ። እሱ ግን ከዚያች ኩርባ ጀምሮ አልአዛርን በልቡ ቀብሮታል።

እንግዲህ ሶፍያ ታመመች። ኩላሊቷ ነው። በየሳምንቱ ሆስፒታል እየተመላለሰች ደሟን በማሽን ማሳጠብ ግድ ሆነባት። አንድ ቀን እንኳ ከቀረሽ ውሃው ሳንባሽ ውስጥ ይገባል ብለው ሐኪሞቹ አስጠንቅቀዋታል። ባጃጅ ወገቧን ያማታል፤ ስለዚህ ሙሴ የዋዟን የኋላ ወንበር ፍራሽ አነጠፈበት፣ አጋድሞ ወሰዳት። የሷ ድምፅ ድሮም ቀጭን ነው፣ በዚያ ጩኸት መሀል አይሰማም። ምን አደረገ መሰላችሁ? ከስክሱን ከቁም ሣጥን አውጥቶ ማሰሪያውን ፈታ።

መጀመሪያ ላይ ሶፍያ ራሷ ትስቅበት ነበር። አንዴ ስስብ አለሁ፣ ሁለቴ ስስብ ቀስ በል፣ ሦስቴ ስስብ ከባጃጅ ሾፌር ጋር አትጣላ ማለቴ ነው ትለኝ ነበር። ሳቁ ግን ወር እየገፋ ሲሄድ አለቀ። እሱም ዝም፣ እሷም ዝም። ጠዋት ከቤት ተሸክሟት ይወጣል፣ ያስተኛታል፣ ክሩን ያስራል፣ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። ልጃቸው ሄራን መሃል ከተማ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ማታ ማታ ብቻ ነው የምትደርሰው።

አንድ ከሰዓት ሶፍያ በዱላ ተደግፋ መጥታ እዚሁ፣ እናንተ የተቀመጣችሁበት ተቀመጠች። ፊቷ አባብጧል። "ጋሼ ገብረየስ፣ ነገ ባልሄድስ?" አለችኝ።

ምን ይባላል? እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ድካም አውቃለሁ። ሙሴ ምን ይላል አልኳት።

"እሱ ምን ይላል፤ ጀርባው ነው የሚያናግረኝ" አለች። "እርስዎ እንኳ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።"

ለወገብሽ ትራስ ልስፋልሽ አልኳት። ሽማግሌ ሲቸግረው ወደሚያውቀው ሥራ ይሸሻል።

በማግስቱ ወጡ። ካፊያ ነበር። መናኸሪያ ጋ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋጋ፤ አውቶቡሱ ይወጣል፣ ባጃጁ ይገባል፣ ሁሉም ጡሩምባ ይነፋል። ዋዟ ቆመች። ሶፍያ አንዴ ሳበች። ሁለቴ ሳበች። ሙሴ በክንዱ ተሰማው፣ አለሁ ማለቷ ነው ብሎ ፊቱን አላዞረም። ያን ጊዜ ክሩን ከእጇ አወለቀችው። በዚያ ጩኸት መሀል በሩን ከፈተች፣ ብረቱን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች፣ መንገድ ዳር ቆመች። አሁን ይዞራል ብላ። መንገዱ ተከፈተና ዋዟ ሄደች።

ክሩ ሲላላ ክንዴ ቀለለኝ አለኝ ሙሴ። ያ ክብደቱ ተመልሶ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። አልመጣም። ልጆቼ፣ አስቡት፤ ሐዋሳ መሀል፣ አስፋልት ላይ፣ ገደል በሌለበት፣ ተኳሽ በሌለበት፣ ሰውዬው አልዞረም። እጆቹ መሪውን እንደያዙ ደረቁ። ሶፍያ አረፈች ብሎ ደመደመ። መንገዱን ሙሉ፣ ስንት ወር ዝም ብሏት የኖረውን፣ ጮክ ብሎ አወራት። ይቅር በይኝ አላት። የተጋቡበትን ቀን ዝናብ አነሳባት። አልአዛርን ነገራት፤ ለሷ ተናግሮት የማያውቀውን። ባዶ ፍራሽ ነበር የሚሰማው።

ሆስፒታሉ ግቢ ገብቶ ቆመ። ሞተር አላጠፋም። ዘበኛው መጥቶ እዚህ ማቆም አይቻልም አለው። ሙሴ ፊት ለፊቱን እያየ፣ "ደርሻለሁ፤ እናንተ አውርዷት" አለ።

ዘበኛው ሸራውን ገልጦ አየ። ተመልሶ መጣና እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

"አባባ፣ ፍራሽ ብቻ ነው ያለው። ማንን እናውርድ?"

ያኔ ዞረ። ፍራሹ አለ፣ ሻርፗ አለ፣ ማሰሪያው ወለሉ ላይ ወድቋል፤ ለእጇ የሠራላት የክሩ ቀለበት እንዳለ ነው፣ አልተበጠሰም፣ አልተፈታም። አንስቶ ብዙ አየው። እኔ ሲነግረኝ እንኳ ያቺን ቀለበት በጣቱ እየሠራ ያሳየኝ ነበር። ለካ ሰው ሳይሞትም ክር ይወልቃል አለኝ። ከዚያ "ታዲያ አልአዛርስ?" አለ።

መኪናውን አዙሮ በመጣበት ተመለሰ። ሶፍያን መናኸሪያ አጠገብ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ሣጥኗን ለቃላት፣ ዣንጥላ ሥር አስቀምጣት አገኛት። እግሯ አብጦ ጫማዋን አውልቃለች። ሙሴ ወርዶ አጠገቧ ጭቃው ላይ ቁጢጥ አለ። ሙዝ ሻጯ አንድ አንድ ሙዝ ሰጠቻቸው።

"ትዞራለህ ብዬ ነው የወረድኩት" አለች ሶፍያ።

"የሞትሽ መስሎኝ ነው ያልዞርኩት።"

"ሙሴ፣ እኔ ቁስለኛህ አይደለሁም። ሚስትህ ነኝ። ብሞትም እንኳ እያየኸኝ ልሙት።"

ሙሴም ጫማዋን አንስቶ ጭቃውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገና እግሯ ላይ አደረገላት። ቤት እንሂድ ካልሽ ቤት እንሄዳለን አላት፤ አስገድዶ እንደማይወስዳት ገባት። እሷ ደግሞ ሐኪሞቹ ያሏትን ታውቃለች፣ ደረቷም ከጠዋት ጀምሮ ከብዷታል። ዋዟን አየች፣ እሱን አየች።

"ከፊት ከተቀመጥኩ እሄዳለሁ" አለች።

ከፊት አስቀመጣት። ሲደርሱ ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበርና እስከ ከሰዓት ጠበቁ፤ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው። ነርሷ ስትቀሰቅሳቸው ታማሚው የትኛችሁ ነው ብላ ጠየቀቻቸው አሉ። ሶፍያ ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቋን ያኔ ሰማሁ።

ቃል የገባሁላትን ትራስ ከሸራው ትራፊ ሰፋሁ፤ ለፊተኛው ወንበር እንዲሆን አድርጌ። ሕመሙ እንዳለ ነው ልጆቼ፣ አልዋሻችሁም። እሷም ደክሟታል፣ እሱም ደክሞታል፣ ዋዟም ዳገት ላይ ታስላለች። መመላለሱ አልቀረም። አሁን ግን ሙሴ ስትናገር ለመስማት አንገቱን ወደሷ ያዘነብላል፤ መብራት ላይ ሲቆም ይዞርና ያያታል፣ አረንጓዴ ሲበራም እያያት ነው። የባጃጅ ሾፌሮቹ "አባባ፣ ፊት ለፊት" እያሉ ይጮሁበታል። እሱ እጁን ያነሳላቸዋል። ማሰሪያውን ወደ ከስክሱ መልሶታል፤ ለአልአዛር ደግሞ የሙት ጸሎት ማድረሱን ትቶ፣ የት ይሆን ያለው እያለ ነው የሚጸልይለት።

ይኸው ነው። ሂዱ፣ ካፊያው ሳይበረታ ግቡ። ነገ ጠዋት ያቺ ባለ ወፍጮ ድምፅ ሰፈሩን ስትቀሰቅስ አትማረሩባት፤ ሶፍያ ከፊት ተቀምጣለች ብላችሁ እኔንም እነሱንም አስታውሱን። አደራ።