ከፍራሹ የተነሣው ሐዘንተኛ

የቦሳ አዲስ ሰፈርን እድር ያቋቋሙት ባሻ እንግዳወርቅና አባ ዱራ ዋቅጅራ፣ ሐዘንተኛ ይቀመጥ፣ ጎረቤት ያስተናግድ ብለው ደንግገው ነበር። ይህን ሥርዓት ለይኩን፣ በእናቱ በወይዘሮ ጥሩወርቅ ሠልስት ዕለት፣ ከፍራሹ ተነሥቶ ጆግና የእጅ ማስታጠቢያ በማንሣት አፈረሰው።

ድንኳኑ አጉረመረመ።

«እናቱ ሞታ ዓይኑ አልረጠበም፤ አሁን ደግሞ አስተናጋጅ ሆነ!» አሉ አንዲት ሴት።

ታናሽ ወንድሙ ፍሬዘር ክንዱን ያዘው። «ጋሼ፣ የአባባን ቀብር እንዳትደግመው! መኪናው በር ላይ ነው፤ አሰንዳቦ፣ አክስታችን ዘንድ ትሄዳለህ። ኑሮህም እዚያው ይሁን።»

በአባታቸው ቀብር ለይኩን ስቆ ነበር። ሐዘኑ አንጀቱን ሲያሳርረው፣ ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ሲንጫጩበት፣ ከአፉ የወጣው ሳቅ ሆነ። ሐኪሞቹ ስኪዞፍሬንያ ያሉት ሕመም ፊቱን ከልቡ ለይቶበታል። እቴቴ የሚላቸው እናቱ ግን አልተቆጡትም። መድኃኒቱን ከቁርሱ ጋር እያስታወሱ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጆጉን ያስይዙት ጀመር። «ፊትህ ካልታዘዘልህ እጅህን ላከው፣ ልጄ። ጫጫታው ሲበረታብህም ተናግረህ ውጣ» ይሉት ነበር።

«ልቀቀው፣ ፍሬዘር» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ኩመራ። «አባቶቻችን ያን ሥርዓት ያወጡት ሐዘንተኛ እንዳይደክም ነው። ይህን ሰው የሚያደክመው መቀመጡ ነው። ያስታጥብ።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙሀራ ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ። ለይኩን ጆጉን አብዝቶ አዘነበለና ውኃው ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ።

«ወላሂ፣ ለይኩን! እጄን ነው ወይስ ቀሚሴን የምታጥበው?»

«ሁለቱንም» አለ፣ ፊቱ ሳይፈታ። «እቴቴ የግማሽ ሥራ አትወድም ነበር።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁም ወዲያው ዕንባ ሆነ። ያጉረመረሙት ሴት ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉት። ለይኩን ሁሉንም አስታጥቦ ሲያበቃ፣ «ጫጫታው በረታብኝ፤ ትንሽ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ» ብሎ ለወንድሙ ነገረውና ወጣ።

ፍሬዘር ዘግየት ብሎ ተከተለው። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘው።

«ሹፌሩን አሰናበትኩት።»

«ምነው?»

ፍሬዘር የወንድሙን የራሰ እጅጌ ጨምቆ፣ እንደ ሕፃን ልጅ እስከ ክርኑ ጠቀለለለት።

«ሰው እንዳይስቅብህ የሰጋሁልህ መስሎኝ ነበር፤ በአንተ ያፈርኩት ግን እኔው ነኝ» አለ። «ተሳስቻለሁ፣ ጋሼ።»