ሌንጮን የገደለው

ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ላይ ሲያባራ፣ ጓሮ ባለው ኩሬ ውስጥ ሁለት ትልልቅ እንቁራሪቶች ይናከሱ ነበር። ኮከብ ቁርሷን ትታ ወጣች። አንደኛው የሌላውን የኋላ እግር በመንጋጋው ይዞ ይጎትታል፤ የተያዘው እንደ ጥጃ ያጓራል። ውሃው ደፍርሶ አፈሩና ደሙ አይለይም።

«አረሮ! ና እይ፣ እነዚያ ትልልቆቹ መጡ!»

ባሏ አረሮ የመኪና ግራሶ የነካው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። የሞያሌ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ኩሬውንም የቆፈረው እሱ ነው፣ ለደረቁ ወራት ውሃ እንዲያጠራቅሙበት ብሎ።

«ይሄማ ራቻ አይደለም፣ ኮርማ ነው» አለ፣ እንቁራሪቱን በኦሮምኛ ጠርቶ፤ ሳቀም። «ማን ያሸንፋል?»

«አንዱ ይሞታል።»

እንዳለችውም ሆነ። ከምሳ በፊት የተሸነፈው ሆዱ ተተርትሮ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። አሸናፊው አጠገቡ ተነፋፍቶ ቁጭ አለ።

ኮከብ ነገሌ ተወልዳ ነገሌ ያደገች የባዮሎጂ መምህርት ናት። ኩሬው ከተቆፈረ ወዲህ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚጎበኙትን መለየት ልማዷ ሆኗል። ከውሃው በላይ ባለው ቅርንጫፍ ላይ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጭ ጎጆ የምትሠራውን ታውቃለች። ቁልፎች እርስ በርስ ሲጋጩ የሚመስል ድምፅ ያላትን ትንሿንም ሳታያት ትለያለች። ጉርጧን ደግሞ ለአረሮ ደጋግማ አሳይታዋለች፦ ቆዳዋ ደረቅ ነው፣ ኪንታሮት የሞላው፤ ከዓይኗ ኋላ ባሉት ሁለት እብጠቶች ውስጥ ወተት የመሰለ መርዝ አለ።

«እንቁራሪቶቹን እንደፈለግህ ያዝ፤ እሷን ግን ተዋት» ትለዋለች።

ከአጥሩ ወዲያ የከብት ነጋዴው ጃታኒ ከሚስቱ ከመሊካ ጋር ይኖራል። ጃታኒ ሌንጮ ብሎ በአንበሳ ስም የሰየመው ትልቅ ውሻ ነበረው። ሌንጮ ባለፈው በጋ አጥር ዘሎ የእነኮከብን ፍየል ጉሮሮዋን ይዞ ጥሏታል። ያን ቀን አረሮ በሰው ፊት፣ «ይሄ ውሻ ዳግመኛ ግቢዬን ቢረግጥ በገዛ እጄ ነው የምገድለው» ብሎ ነበር። ጃታኒ ቃሉን አልረሳውም።

እንቁራሪቶቹ በተናከሱበት ዕለት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ሌንጮ እንደገና አጥሩን ዘለለ። ኮከብ በመስኮት አየችው። ኩሬው ዳር የሆነ ነገር አባሮ በአፉ ያዘና ወዲያው ተፋው። ጭንቅላቱን አራገፈ፤ ፊቱን በመዳፉ ቧጠጠ። ከአፉ አረፋ መጣ። ከዚያ እግሮቹ ከዱትና ወደቀ።

ኮከብ ሮጣ ወጣች። ጉርጧ ጭቃው ላይ ተነፍታ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ ነጭ ፈሳሽ ይታያል። ኮከብ ፍየሏንም ጠቡንም ረስታ የውሻውን ራስ ወደ ጎን አዞረችና ከጀሪካን ውሃ እያፈሰሰች አፉን ማጠብ ጀመረች። ሌንጮ እየተንፈራገጠ እጇን ነከሳት። አልለቀቀችውም።

«ምንድን ነው የምታጠጪው?»

ጃታኒ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ያያታል።

«ምንም አላጠጣሁትም! ጉርጥ ነክሶ ነው! አፉን እያጠብኩለት ነው!»

«ጉርጥ?»

ውሻው አንዴ ተንቀጥቅጦ ቀጥ አለ። ጃታኒ አየው። ከዚያ ከአጥሩ ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ ለግንባታ ካመጣው ብረት አንድ ፌሮ ይዞ ነበር። አጥሩን በደረቱ ገፍቶ ገባ።

«ባልሽ ተናገረ፣ አንቺ ፈጸምሽው!»

አረሮ ከቤት ወጣ። «ጃታኒ፣ አስቀምጠው! እንነጋገር!» አለና እጁን ዘረጋ። ፌሮው ያረፈው እዚያው የተዘረጋው ክንዱ ላይ ነው። ኮከብ አጥንቱ ሲሰበር ሰማች። አረሮ አልጮኸም፤ በሌላው እጁ የጃታኒን አንገት ያዘ፤ ተያይዘው ኩሬው ውስጥ ወደቁ።

«ጃታኒ፣ ዲሲ! ተው! ተው እባክህ!» መሊካ ከአጥሩ ማዶ ትጮኻለች።

ጃታኒ አልተወም። አረሮን በፊቱ ደፍቶ ጀርባው ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን ጭቃው ውስጥ ነከረው። አረሮ ባልተሰበረው እጁ ውሃውን ደበደበ። ከዚያ መደብደቡን ተወ።

ኮከብ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን አካፋ አነሳች። በጠፍጣፋው በኩል የጃታኒን ትከሻ መታችው። እጁ ላላ፤ አረሮ ቀና ብሎ ውሃ እያስታወከ በጉልበቱ ዳኸ። ጃታኒ ወደ እሷ ዞረ። ፌሮው ውሃ ውስጥ ጠፍቶታል። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ።

አካፋው ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ፤ በዚህ ጊዜ በስለቱ።

ጃታኒ በጎኑ ተጋደመ። ባልና ሚስት ጎትተው አወጡት። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ መሊካ ነጠላዋን ቀድዳ የባሏን ራስ አሰረች። በዚያው ምሽት በመኪና ወደ ሐዋሳ ወሰዱት። ኮከብን ፖሊስ ወሰዳት።

በማግስቱ የጃታኒ ወንድም ዲባ ዘመዶቹን ሰብስቦ መጣ። አጥሩን ነቅለው አቃጠሉት፤ የመኪናውን መስታወት አረገፉ። የከብት መዥገር መድኃኒት ኩሬው ውስጥ ደፉ። ከውሃው እየተንፏቀቁ የወጡትን እንቁራሪቶች በጫማቸው ጨፈለቁ፤ ነጩን አረፋ ከነቅርንጫፉ ሰበሩት። አረሮ ክንዱ በጀሶ ታስሮ ከጎረቤት ቤት ደጃፍ ያይ ነበር። ስንቅ ይዞ ጣቢያ ሲሄድ ለኮከብ ነገራት።

«ሁሉንም?» አለችው።

«ሁሉንም።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አረሮ የምታለቅሰው ለእንቁራሪቶቹ መሰለው።

ጃታኒ ከሞት ተረፈ። ደሙ በሌላ ደም እንዳይመለስ ሽማግሌዎች ከከተማው ዳር ግራር ሥር ተቀመጡ። ኮከብም በፖሊስ ታጅባ ቀረበች። ዳኛው ኦቦ ኩራ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ።

«ውሻውን መርዛ ገደለች» አለ ዲባ። «ወንድሜ ሲጠይቃት ጭንቅላቱን ፈለጠችው።»

«አልመረዝኩትም፣ ኦቦ ኩራ» አለች ኮከብ። «ጉርጥ ነው የገደለው። አፉን ሳጥብለት ነው ያየኝ።»

«አስተማሪ አይደለች! ወሬ መች ይቸግራታል!» አለ ዲባ።

ከሴቶቹ መሃል መሊካ ተነሳች። ከባሏ አልጋ አጠገብ የመጣችው በዋዜማው ነው። «እኔ አይቻለሁ» አለች። «ሌንጮ ጉርጧን በአፉ ይዞ ሲተፋ አይቻለሁ። ለጃታኒ ልነግረው ስጮህ አልሰማኝም። እሷ ውሻውን ልታድን ነበር።»

ዲባ ተስፈንጥሮ በጥፊ መታት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። የገዛ አጎቶቹ ናቸው ይዘው ወደ ኋላ የጎተቱት። መሊካ ደሙን በመዳፏ ጠረገች፤ አልተቀመጠችም።

«አባቶቼ፣ ያየሁት ይሄንን ነው። ብትመቱኝም ያየሁት ይሄንን ነው።»

ኦቦ ኩራ ወደ ኮከብ ዞሩ። «ባልሽን ለማዳን መታሽው። እንደዚያ ነው?»

አረሮ በጆሮዋ፣ «አዎ በያቸው» አላት።

ኮከብ የመሊካን ከንፈር አየች። «የመጀመሪያውን ለማዳን ነው» አለች። «ሲለቀው እጁን አንስቶ ነበር። ሁለተኛውን የመታሁት ልገድለው ነው።»

አረሮ ዓይኑን ጨፈነ።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱም ወገኖች እንዲካካሱ ወሰኑ፤ ዲባም በሸንጎ ፊት የመሊካን እግር ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ ግን ኮከብን እስር ቤት ላካት። ቃሏን ባትሰጥ ኖሮ ትፈታ ነበር ያሉ ብዙ ናቸው። አረሮም በየሳምንቱ እየሄደ ሲጠይቃት፣ ለረጅም ጊዜ ስንቁን አቀብሎና ሰላም ብሎ ብቻ ይመለስ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በዝናቡ ወራት ተፈታች። አረሮ ኩሬውን አድርቆ፣ ደለሉን ዝቆ፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ሸራ ቀይሮ፣ አጥሩንም መልሶ አጥሮ ነበር። መሊካ ከአጥሩ ማዶ «ናጋ?» ብላ ደህንነቷን ጠየቀቻት፤ «ናጋ» አለች ኮከብ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጃታኒ ከዘራ ተደግፎ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ መጣ። በገመድ የታሰረ ቡችላ ይዟል። ቃላቱ ተራ በተራ ነው የሚወጡት።

«የትኛዋ… ናት?»

ኮከብ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ከድንጋይ ሥር አንዲት ጉርጥ አነሳችና እብጠቶቹን አሳየችው። ጃታኒ አጎንብሶ አየ። ሲያጎነብስ ጠባሳው ከፊቷ መጣ፤ ፀጉር አልበቀለበትም። ዓይኗን ከጠባሳው ልትነቅል ፈልጋ አልቻለችም።

«ዝናብ ሲዘንብ እሰረው» አለችው።

ጃታኒ ራሱን ነቀነቀ። ይቅር አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ቡችላውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና በመጣበት ተመለሰ።