ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ

ያንን የቴሌቪዥን ድራማ እንዴት እንዲህ ብለው ይጨርሱታል፣ ስንት ሳምንት ሙሉ ሳህን ሲያጥቡ፣ ሲኮራረፉ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ትከሻቸው እንዳይነካካ ሲጠነቀቁ አሳይተውን፣ ትናንት ማታ በመጨረሻው ክፍል ፓኩን የተባለው ጀግናችን ሪን ፊት ይቆምና፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እወድሽ ነበር፣ እናቴ አልታመመችም፣ ጋብቻው ለስሙ ነው ያልኩሽ እንዳትሸሺኝ ብዬ ነው፣ ይላል፣ ሙዚቃ፣ ከላይ የአበባ ቅጠል፣ አለቀ። ሪንም አቀፈችው። አቀፈችው! አንድ ጥፊ እንኳ የለም።

ቀና በይ ፋንግ፣ ክሩ ይወድቃል፣ ትላለች እማ ከኋላዬ። ቀና እላለሁ። ነጩ የሰርግ ክር ከእኔ ራስ ተነስቶ ወደ ፒ ክላ ራስ ይሄዳል፣ ፒ የምለው በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ነው፣ ሁለታችንም ተንበርክከናል፣ እጃችን ተዘርግቶ ከታች የአበባ ሳህን፣ ሰው በተራ በተራ በዛጎል ውሃ ያፈስልናል፣ መጀመሪያ በእሱ እጅ፣ ቀጥሎ በእኔ። ፒ ክላ ባሌ ነው። ማለት፣ ለአንድ ዓመት። ማለት ገና ነው፣ ውሃውና ክሩ በሕግ ፊት ምንም አይደለም፣ ከምሳ በኋላ ወረዳ ሄደን ስንፈርም ነው ባሌ የሚሆነው።

ጉልበቴ ደነዘዘ።

አክስቴ ቡንማ መጣች፣ ሽቶዋ ቀድሟት፣ ፋንግዬ ተባረኪ፣ ልጅ በልጅ ሁኚ፣ አየሽው አይደል ትናንት፣ እኔ እኮ እንባዬ አላቆም አለኝ፣ ለካ ሰውዬው ወዷት ኖሯል! አየሁት አክስቴ። ታዲያ ምነው ፊትሽን አጨማደድሽው፣ ሙሽራ ነሽ ኮ! ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ እላለሁ። ውሸት፣ ውሃው ለብ ያለ ነው።

ድራማው የተሠራበትን መጽሐፍ ማንም አላነበበውም፣ ችግሩ ያ ነው። መጽሐፉ ውስጥ የፓኩን እናት በእውነት ታመዋል፣ እሱም ሪንን አይወዳትም፣ ስሟን እንኳ ይረሳል፣ ፍቅሩ የሚመጣው ከኑሮው ነው፣ ሩዝ ስታሳርር፣ ሲስቅባት፣ ቀስ እያለ፣ ማንም ሳያየው። እኔ የወደድኩት ያንን ነው። ሰው አብሮ ሲኖር ሊወደድ ይችላል ማለት ነው፣ እንደ እኔ አፏ የተያዘ፣ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ስታውስ የምትውል ሴት እንኳ። ለፒ ክላም ያዋስኩት ለዚያ ነበር፣ ገጹን በዘንባባ ስኳር አጣብቆ መለሰልኝ፣ ይቅርታ ኖንግ፣ ምድጃ አጠገብ ነው ያነበብኩት፣ አለ፣ ታናሽን በሚጠሩበት ቃል፣ አልተቆጣሁም፣ ያን ገጽ እስካሁን አሸተዋለሁ።

ከዚያ ያ ዝናብ። የእነ ፒ ክላ የስኳር ማፍያ ቤት ጣሪያ እየተደበደበ፣ እሱ ድስቱን እያማሰለ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እናቴን ሐኪም አንድ ዓመት ነው የሰጣት፣ ሳልሞት ልጄን ዳሬ ልይ ትላለች፣ ለአንድ ዓመት ብቻ ፋንግ፣ እንደ መጽሐፍሽ፣ ከዚያ በኋላ ነፃ ነሽ። እኔ እሺ አልኩ። ለሚሞቱ ሴት እንዴት እምቢ ይባላል። ውስጤ ግን፣ ይኸው ሩዙ፣ ይኸው ሳህኑ፣ ተጀመረ፣ እያለ ይዘል ነበር።

አሁን ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ የትዳር ሕይወት በመቻቻልና በመከባበር መሠረት ላይ የሚገነባ ተቋም እንደመሆኑ መጠን፣ ውሃው ግን በክንዴ ወርዶ ብብቴ ገባ፣ አመሰግናለሁ ክቡር ርዕሰ መምህር። ከኋላቸው ጓደኛዬ ጆይ፣ ሳቋን ይዛ፣ ስሚ አንቺ፣ ክሩ ሲወልቅ ቀድመሽ ተነሺ፣ ቀድሞ የተነሳ ነው ቤቱን የሚገዛው፣ እኔ ተኝቼ ይኸው እስካሁን ለባሌ ካልሲ እፈልጋለሁ። ፒ ክላ ይስቃል፣ ሲስቅ ክሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላቴ ላይ ሳቁ ይሰማኛል። ደስ ይላል። ለምን ደስ ይላል፣ ዝም በይ።

አክስት ጂድ። ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ የእናቱ የልብ ጓደኛ። ዛጎሉን እንደ መርፌ ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ የኔ ቆንጆ፣ ከአማትሽ ጋር ረጅም ዘመን ኑሪ፣ ትላለች። እንግዲህ ያለቻቸውን ጊዜ ያህል፣ እላለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ያለቻት ጊዜ? አማትሽ ራምፓይ? እሷማ ሁላችንንም ቀብራ ነው የምትሄደው! ያ እብጠት ምንም እንዳልሆነ ለዚህ ለክላ ራሴ አይደለሁ እንዴ የነገርኩት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ በደስታ ተሸክሞ አሽከረከረኝ፣ ወገቤን ሊሰብረው። አልነገረሽም?

ነግሮኛል፣ እላለሁ። አፌ ነው ያለው።

ሄደች። ሌላ ሰው መጣ፣ ውሃ፣ ተባረኩ፣ ሌላ ሰው፣ ውሃ። ዝናቡ ሳይገባ። እሱ የጠየቀኝ ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ድስቱን እያማሰለ። ፊቱን ሳያዞር፣ ለካ ለዚያ ነው ፊቱን ያላዞረው። እኔ ያዘነ መስሎኝ።

እኔ እኮ አለቀስኩላቸው። በየማለዳው መንገድ ዳር ቆሜ ለመነኮሳት ሩዝ እየሰጠሁ ዕድሜ ለመንኩላቸው፣ ዝንጅብል ያለው ሾርባ ተሸክሜ ሄድኩ፣ እሳቸው ያን የሚያህል የመዳብ ድስት ብቻቸውን ከእሳት ሲያወርዱ አይቼ፣ ወይ ጥንካሬ፣ እየሞቱ እንኳ፣ ብዬ ጓሮ ዞሬ አነባሁ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው ሁልጊዜ ዓይኗ የሚቀላው፣ ይሉ ነበር። ጅል። ሾርባ ይዛ የምትዞር ጅል። ከልመናዬም ግማሹ ለራሴ ነበር፣ እሳቸው እስከኖሩ ድረስ እኔም ሚስቱ ሆኜ እቆያለሁ ብዬ፣ በዚያ ደግሞ ስንት ቀን አፈርኩ።

ፒ ክላ።

እ።

እናትህ አልታመሙም።

ክሩ ቀጥ አለ። መተንፈስ ያቆመ ይመስላል። ፋንግ፣ በኋላ። አሁን። ሰው ያየናል። ይየን። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ነው የማወራው፣ ሁለታችንም ለፎቶግራፈሩ ፈገግ ብለናል። እምቢ ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ፣ ይላል፣ ስንቴ ቤተ መጻሕፍቱ በር ድረስ መጥቼ ተመለስኩ፣ አንቺ ቀና ብለሽም አታዪ፣ መጽሐፉን ስትሰጪኝ እንደዚህ ያለ ነገር የምትወጂ መሰለኝ፣ እኔ እኮ ፋንግ…

እንዳትላት። እንዳትላት ያቺን ነገር።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው፣ ይላል።

አላት።

ሪን ብሆን ይኼኔ ሙዚቃው ይገባ ነበር። አክስቴ ቡንማ ብትሰማ ትወድቅ ነበር፣ ለካ ወዷት ኖሯል! አዎ፣ ወዶኛል፣ ስመኘው የኖርኩት ነገር ይኸው መጣ፣ ልቤም ከዳተኛ ነው፣ ይመታል፣ ይሞቃል፣ እኔ ግን አፌ ውስጥ አመድ። ቢጠይቀኝ እሺ እል ነበር። በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ድስት አጠገብ፣ ፊቱን ብቻ አዙሮ ቢጠይቀኝ፣ ሳይጨርስ እሺ እለው ነበር። እሺታዬን ለእሱ ልሰጠው ይዤ ስዞር ለሞት አስመስሎ ወሰደብኝ፣ ለፍቅር የምለውን እሺ ለቀብር አስባለኝ። ሁለተኛ የለኝም፣ አንድ ነበር የያዝኩት።

ደግሞ ስንቱን ያለፈ ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ሊለውጥብኝ ነው አሁን፣ እጄን የያዘው፣ ጃንጥላውን ወደ እኔ ያዘነበለው፣ ቀስ እያለ መጣ ብዬ በየማታው እየዘረዘርኩ የተኛሁበት ሁሉ፣ ቀስ ብሎ አልመጣም፣ እሱ ያውቅ ነበር፣ ብቻዬን ነበር ቀስ ያልኩት።

ትልቁ አጎት መጡ፣ ክሩን ሊያወልቁ። ከእኔ ራስ አነሱት፣ ከእሱ ራስ አነሱት፣ ቀለለኝ፣ በረደኝም። ኧረ ማነው የሚቀድም፣ ጆይ ናት፣ ሰው ይስቃል፣ አብራችሁ፣ አብራችሁ ተነሱ ይላሉ ርዕሰ መምህሩ። ፒ ክላ ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ አብረን ፋንግ፣ ግንባሩ ላይ ለቡራኬ የተቀቡት ሦስቱ የዱቄት ነጥቦች በላብ ወርደዋል።

ዕድሜ ልኬን ሰው እስኪያልፍ ቆሜ የጠበቅኩ ሰው ነኝ። አውቶቡስ ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ ወጥ ሲጨለፍ።

ተነሳሁ።

ክላ አለቀልህ! ክላ ካልሲህን አጠብ! እማ እንኳ ሳቀች፣ እልልታውና ጭብጨባው፣ እሱም ይስቃል፣ ዓይኑ ግን አይስቅም፣ ገና ተንበርክኮ ነው፣ እግሩ ደንዝዞ ይሆናል፣ ወይም አይደለም። ጎንበስ እላለሁ፣ ሰው የምስመው መስሎት ጮኸ። በጆሮው፣ ወረዳ ዛሬ አንሄድም፣ እላለሁ፣ የራሴን ድምፅ አላወቅኩትም። ፋንግ… ለእናትህ ያለቀስኩትን አሁን ሄደህ ትነግራቸዋለህ፣ ሾርባው ለምን እንደነበር፣ ከዚያ መጥተህ ለእኔ ትነግረኛለህ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ፣ አንድ ቀን ሳትዘል።

ከዚያስ፣ ይላል።

ከዚያ ትጠይቀኛለህ። ፊትህን አዙረህ።

እሺ ትያለሽ?

አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም፣ ውሃው ከጣቶቼ እየተንጠባጠበ፣ አላውቅም፣ ግን በዚህኛው ጊዜ የምለውን የምለው እኔ ነኝ።