ትልቁን ቁጥር ስጠኝ

አቶ ገሠሠ ልጃቸው ሞተር ሳይክል ከገዛች ወዲህ ስለ ሞተሩ አንድም ቃል ተንፍሰው አያውቁም። እፀገነት ለቡ አካባቢ ካሉ ክሊኒኮች የደም ናሙና እየሰበሰበች ላቦራቶሪ የምታደርስ ሠራተኛ ናት። ጠዋት ስትወጣ የግቢውን በር ይከፍቱላታል፤ ሞተሩን ግን አያዩትም፤ ሰማይ ሰማዩን ነው የሚያዩት። እሷም መጨቃጨቅ ስለማትወድ "ደህና ዋል አባዬ" ብላ ትሄዳለች።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሞተሩን እየገፋች መጣች። ላብ በላብ ሆናለች።

"ምን ሆንሽ?" አሉ ደንግጠው።

"እኔ ምንም አልሆንኩም። የፊት ፍሬኑ ነው። መካኒሳ ቁልቁለቱ ላይ ስይዘው ላልቶ ዝም ብሎ ገባ። በኋላው ፍሬን ቆምኩና ከዚያ ወዲህ ገፋሁት።" የፍሬን ዘይቱ የሚታይባትን ትንሽ መስታወት ጎንበስ ብላ አየች። "የሚያፈስ ነገር የለውም። ዘይቱ አርጅቶ ነው፣ እንደ ሻይ ጠቁሯል። ትንሽ ጋደም ልበልና ከሰዓት ገዝቼ እቀይረዋለሁ።"

እሷ ስትተኛ አቶ ገሠሠ ኮታቸውን ደርበው ወጡ። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሞተር ዕቃ መሸጫ ረግጠው አያውቁም። መካኒሳ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ ገቡ። ባለሱቁ ጀማሉዲን ወንበር ሳበላቸው።

"ጥሩ የፍሬን ዘይት ፈልጌ ነበር።"

"ለምን ዓይነት ሞተር ነው አባባ?"

"ለልጄ ነው።"

"እሺ፣ ሞተሩ ምን ዓይነት ነው?"

አቶ ገሠሠ አሰቡ። "ቀይ ነው" አሉ።

ጀማሉዲን ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሦስት፣ አራትና አምስት ቁጥር የተጻፈባቸውን ጠርሙሶች ደረደረ። "የትኛው እንደሚሆን ሞተሩ ላይ፣ የዘይቱ ክዳን ላይ ተጽፏል። እሱን አይተው ቢመለሱ ይሻላል።"

"ትልቁ የቱ ነው?"

"አምስት። ግን ትልቅ ስለሆነ ብቻ…"

"ልጄ እኮ ናት የምትነዳው! ለልጄ ትንሹን ልውሰድላት?"

ጀማሉዲን ፊታቸውን አየና ክርክሩን ተወ። "እሺ፣ ይውሰዱት። ማሸጊያውን ግን እንዳይከፍቱት። ካልሆነ እለውጥልዎታለሁ።"

እፀገነት ከእንቅልፏ ተነስታ ስትወጣ ጠርሙሱ የሞተሩ መቀመጫ ላይ ቆሟል። አባቷ አጠገቡ የተጠረገ ግቢ ይጠርጋሉ።

"አንተ ነህ የገዛኸው?"

"ታዲያ ማን ይገዛዋል?"

ደስታዋ ልቧን ሞላው። ቁጥሩን ስታነብ ግን ቅር አላት። የእሷ ሞተር የሚፈልገው አራት ነው፤ አምስቱ ከአራት ጋር የማይዋሃድ ሌላ ዓይነት ዘይት ነው። ደብቄ ራሴ ብለውጠውስ ብላ አሰበች። አባቷ ግን መጥረጊያውን ጥለው አጠገቧ ቆሙ። "ትልቁን ነው ያመጣሁልሽ። ክፈቺው እንጂ!"

"አባዬ፣ ለሐር ቀሚስ አሥራ ስድስት ቁጥር መርፌ ትሰካለህ?"

"አብጃለሁ እንዴ? እሱ የጂንስ መርፌ ነው። ሐሩን ይበሳሳዋል።"

"ትልቅ ቁጥር አይደል?"

"ቁጥሩ እኮ የትኛው እንደሚበልጥ አይደለም የሚነግርሽ፤ ለየትኛው ጨርቅ…" ብለው አቆሙ። ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ሞተሩ ላይ አጎነበሱ፤ በቅርብ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር። "አራት ነው የሚለው" አሉ ዝግ ብለው። "እኔ ደግሞ ትልቁ ቶሎ ያቆምልሻል ብዬ…"

"አውቃለሁ አባዬ" አለች።

ሊለውጡ አብረው በእግራቸው ወጡ። መንገድ ላይ አቶ ገሠሠ የደም ናሙናው በሙቀት እንዳይበላሽ በምን እንደምትይዘው ጠየቋት። ስለ በረዶው ሳጥን ነገረቻቸው። ትንሽ ሄደው ቆም አሉ።

"ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ መስሎሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ፈርቼ ነው። ካወራሁ ፍርሃቴ ይጋባብሻል፣ መንገድ ላይ እጅሽ ይንቀጠቀጣል ብዬ ነው።"

ክንዳቸውን ይዛ ሄደች።

ጀማሉዲን ለወጠላቸውና "ቀለም ይልጣል፣ ጠብ ካለ ቶሎ በውሃ ይጠቡት" አለ። ቤት ሲደርሱ አቶ ገሠሠ ከስፌት መኪናቸው ሥር የካኪ ቁራጭ አምጥተው የቤንዚን ታንኩን አለበሱት። እፀገነት ቁልፍና ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይዛ ከፊት ጎማው ሥር ቁጢጥ አለች፤ እሳቸው የፍሬኑን መያዣ ጨበጡ።

"ያዝ!"

"ያዝኩ!"

"እንዳትለቅ… እሺ፣ አሁን ልቀቅ።"

ጥቁሩ ዘይት ከአየር አረፋው ጋር እየተንደቀደቀ ወጣ፤ እሷ ከላይ አዲሱን ትጨምራለች። ቆየት ብሎ አዛዡ እሳቸው ሆኑ። "ፍቺ! እሰሪ! ጨምሪ፣ እየጎደለ ነው!" በመጨረሻ የሚወርደው ዘይት ጠራ፣ መያዣውም በእጃቸው ውስጥ ጠነከረ።

"መለሰልኝ!" ብለው ጮኹ።

እፀገነት መንደሩ ውስጥ ቀስ እያለች ሄዳ ደጋግማ ሞከረችው፤ ሞተሩ በያዘችው ቁጥር ቀጥ ይላል። አቶ ገሠሠ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ኋላው ላይ ሰው ይቀመጣል?"

ትርፉን ሄልሜት አጠለቀችላቸውና እስከ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ወሰደቻቸው። ጃኬቷን በሁለት እጃቸው ጨምድደው "ቀስ!" ይሏታል፤ ሚኒባሶቹ ሁሉ እየቀደሟቸው ነው። አደባባዩ ጋ ስትቆም አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ፋዘር፣ ተመችቶዎታል!" አላቸው።

"ልጄ ናት" አሉ፣ ድምፃቸው ከሄልሜቱ ውስጥ እየታፈነ። አልሰማቸውም መሰላቸውና ጮክ ብለው ደገሙለት። "ልጄ ናት የምትነዳው!"