ሠላሳ ዘጠነኛው መስመር

ደግሞ ማን ያየዋል፣ አንድ ጣት ነው፣ ወንበሩ ስር አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ይፈትጋል፣ ሰማያዊው ቀለም ግን አልለቅም ብሏል፣ በሳሙና፣ በአመድ፣ በቤንዚን፣ ያው ነው። መድረኩ ላይ ሰብሳቢው ማይኩን መታ መታ ያደርጋል፣ ይሰማል? ይሰማል።

ግድግዳው ላይ ካርታ ተሰቅሏል፣ ከተማው ግራጫ፣ የሚሰፋበት እርሻ ቢጫ፣ ቢጫው መሃል የመኪና ማቆሚያ የተባለችው ሳጥን የአጎቱ የሽንኩርት ማሳ ናት፣ ትምህርቱን ከስምንተኛ ጥሎ የመጣ ዕለት ዘመድ ሁሉ ይሄ አይረባም ሲለው አጎቱ ብቻ ተዉት፣ ዓይኑ ክፍት ነው ብሎ ዶማ ያስጨበጠው እዚያ ነው። ዓይኑ ክፍት ነው። ክፍት ነበር እንጂ፣ የማስፈረሚያውን ቅጽ ሲያጥፈው።

አናቱን ነው ያጠፈው፣ መሬታችንን ለመልቀቅ ተስማምተናል የሚለውን። አስተጣጠፉን ያሳየችው የልማት ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ናት፣ ፈጣኑ ነው የምትለው፣ ፈጣኑ፣ የስብሰባ ጥሪ ነው በላቸው፣ አንተን ያምኑሃል። በእኔ ጣይው አላት፣ ወንድ ሆኖ፣ ሠላሳ ስምንት ገበሬ በአንድ ቀን አስፈረመ፣ ሠላሳ ዘጠነኛው አጎቱ፣ ምን ይላል ልጄ፣ መነጽሬ የለም፣ የስብሰባ ጥሪ ነው ጋሼ፣ አንተ ካልክማ። ጣቱን ሰጠው። ጣቱ ግን አልታተም አለ፣ አርባ ዓመት የዶማ እጀታ መስመሩን ልጦታል፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጭጋግ ብቻ፣ አጎቱ ሳቀ፣ ጣቴንም ለመሬቱ ሰጥቼ ጨርሻለሁ ብሎ ወደ መስኖ ውሃው ተመለሰ። እሱ ቸኮለ። ጭጋጉ ላይ የራሱን ጣት ደረበበት።

አንዲት ነርስ ተነስታለች፣ ሦስት ልጅ ይዤ አንድ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ አከራዬ በየስድስት ወሩ ውጪ ትለኛለች፣ ከተማው ካልሰፋ የት ልግባ? እውነቷን ነው፣ ይላል ለራሱ፣ ያዝ፣ በዚህ ተጽናና። ከኋላ አንድ ገበሬ፣ ግቢ እህቴ፣ ምን ልትበይ ነው ግን፣ አስፋልት ቀቅለሽ? አዳራሹ ይስቃል። ምን ያከራክራል፣ ይላል ሰብሳቢው፣ ሠላሳ ዘጠኙም ባለ መሬቶች ፈርመዋል።

ሳቁ ቀጥ ይላል። አጎቱ ባርኔጣውን አውልቆ ይነሳል።

እኔ አልተስማማሁም።

አባባ፣ ጣትዎ ይኸው፣ ይምጡና ይዩት። አጎቱ ይሄዳል፣ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ያስጠጋል፣ ያርቃል፣ ጥርት ያለ አሻራ ነው፣ መስመሩ እንደ አዲስ ትልም፣ የወጣት ጣት፣ ከዚያ ልሙጡን የራሱን ጣት ያያል፣ ከዚያ ዞር ይላል፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል እሱን ለመፈለግ እንኳ አይቸገርም፣ በቀጥታ፣ ዓይን ለዓይን። በል ጋሼ፣ ይሄ አጭበርባሪ ነው በል፣ ፖሊሱ በሩ ላይ ነው፣ በላ።

የኔ ነው፣ ይላል አጎቱ። ረስቼው ነው። እርጅና።

ይቀመጣል፣ ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመኛል፣ የትኛዋ መሬት፣ ይቺ ያስፈረመባት? እንግዲህ በሙሉ ስምምነት፣ እያለ ሰብሳቢው ወደ እሱ ያያል፣ ጭብጨባውን የሚጀምረው እሱ ነው፣ ሦስተኛ ረድፍ ጠርዝ ላይ ያስቀመጡትም ለዚሁ ነው፣ ጀምር እንጂ ፈጣኑ፣ እጁን ያነሳል፣ አንዱን ብቻ፣ አውራ ጣቱ ሰማያዊ።

አስተያየት አለህ? ማይኩ ከእጅ ወደ እጅ እየመጣ ነው፣ ከፊት አጎቱ ዞሮ ራሱን ይነቀንቃል፣ ተው፣ ተው ልጄ፣ ማይኩ ደረሰ፣ በሰው ሁሉ ላብ ረጥቧል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ወረቀቱን ያጠፍኩት፣ ድምፁ አዳራሹን ዞሮ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ፣ ወረቀቱን ያጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ያም ጣት የጋሼ አይደለም፣ የኔ ነው