አባቱን ያላየ ሰው ትንፋሽ

ማላኪ ጊልሬን ሕፃን አፍ ውስጥ ሦስቴ እፍ ሲል፣ ምላስ ላይ የሚወጣው ያ ነጭ ቁስል ይጠፋል። ይጠፋል አልኩ! ተማርኩ ባይ ሁሉ ቅንድቡን ሲሰቅልብኝ ደሜ ይፈላል። የእኔን ሦስት ልጆች አድኖልኛል፤ የመጀመሪያዋን ሲያድን እሱ ራሱ ገና በቁምጣ የሚሄድ ነበር።

ሕጉን እዚህ ድረምካሊ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሦስት ጠዋት በተከታታይ፣ ፈዋሹ እህል ሳይቀምስ ይነፋል። ምንም አይቀበልም፤ ወላጅም «አመሰግናለሁ» አይልም፤ ካለ ፈውሱ ይከሽፋል። ባሌ ፓዲ በሕይወቱ ማንንም አመስግኖ ስለማያውቅ ልጆቹን ይዞ የሚሄደው እሱ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ ከጠቀመኝ ጥቂት ነገር አንዱ ይኸው ነው። ዋናው ሕግ ግን ሌላ ነው፤ ፈዋሹ አባቱን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ወንድ መሆን አለበት።

የማላኪ አባት ቶም ጊልሬን እንግሊዝ አገር ሕንፃ ሲሠራ ወድቆ የሞተው ማላኪ ሳይወለድ ነው። እናቱ ዴሊያ ልጁን ገና በስድስት ሳምንቱ በሻል ጠቅልላ፣ ቤት ለቤት እያዞረች የታመሙ ሕፃናት ላይ ታስተነፍሰው ነበር። ዛሬ እሷም የለችም። እሱ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብስክሌት ይጠግናል፣ ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው፣ ያለው ትንፋሹ ብቻ ነው። ከስላይጎ ከተማ ድረስ ይመጡበታል። በሰፈራችን ሰው ባርኔጣውን የሚያነሣው ለካህኑና ለማላኪ ብቻ ነው።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ የታሪክ ማኅበራችን ጉድ ሊያደርገው የተነሣው። በክፋት ቢሆን ይሁን፤ በቀን ቁጥር ነው!

ማኅበሩ ስምንት ሰው ነን። ሊቀ መንበሩ መምህር ኮንካነን ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያርሙት ተማሪ ስላጡ ሙታንን ያርማሉ። እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጸሐፊ ማለት ሻይ አፍልቶ ኩባያ የሚያጥብ ማለት ነው። የሰበካችንን ታሪክ በመጽሐፍ ልናሳትም ከተነሣን ስድስት ዓመት ሆነን፤ አምስቱ ያለቀው ሽፋኑ ላይ የማን አያት ፎቶ ይውጣ በሚል ጭቅጭቅ ነው።

በ1987 መስከረም ላይ በተሰበሰብንበት ቀን መምህሩ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ከእንግሊዝ የመጣላቸውን አንድ ወረቀት በኩራት አነበቡ። ቶማስ ጊልሬን፣ የድረምካሊ ሰው፣ በሚያዝያ 1934 ሞተ። ቀጥለው የራሳችንን የጥምቀት መዝገብ ገለጡ። ማላኪ ጊልሬን፣ በተወለደ በሦስተኛ ቀኑ፣ በሐምሌ 1935 ተጠመቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው።

ሥጋ ሻጩ ፍራንሲ ጠረጴዛው ሥር በጣቱ ሲቆጥር አየሁት፤ ሁለት እጁ አልበቃውም።

«አሥራ አምስት ወር» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ቀኑን ነው ያነበብኩት» አሉ መምህሩ። ምን እንዳነበቡ ገና አሁን ገብቷቸው ጆሯቸው ቀልቷል።

«ወረቀቱ ስሕተት ነው!» አለ ፍራንሲ።

«የመንግሥት ማኅተም አለበት እኮ።»

«የእንግሊዝ መንግሥት! እነሱ ደግሞ ስለ እኛ መቼ እውነት ጽፈው ያውቃሉ?»

ይሄኔ ተጨበጨበ። ፍራንሲ ጭብጨባ ሲሰማ ያው መቆም ይወዳልና ብድግ አለ። «እስቲ በሥርዓት እናስብ» አለ። «ማላኪ ያድናል? ያድናል። አባቱን ያየ ሰው ማዳን ይችላል? አይችልም። እንግዲያው ማላኪ አባቱን አላየም፤ ስለዚህ አባቱ ቶም ነው። የቀረን ነገር ልጁ ለምን ዘገየ የሚለው ብቻ ነው።»

«ዴሊያ እኮ ቅዳሴም ሁልጊዜ አርፍዳ ነበር የምትመጣው» አለች አንዷ ከኋላ።

ድምፅ ተሰጠ። ማላኪ አሥራ አምስት ወር ተረግዟል፣ ሰባት ለአንድ። ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት በዚህች እጄ ነው። የተቃወሙት መምህሩ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ኬኩ ሲቀርብ ተቃውሟቸውን አነሡ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰበካው ሁሉ አውርቶ ሲጨርስ፣ ማላኪ በአራተኛው ቀን ሰማ። በዚያው ሳምንት የልጄ የኢመር ሕፃን፣ ዶናል፣ ምላሱ ነጭ ሆነ። ገና የሦስት ወር ነው። ጡት ይይዝና ይጮኻል፣ ይለቅና ይጮኻል። እናቱም አብራው ታለቅሳለች። ማላኪን አስጠራሁት።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት መጥቶ፣ ነፍቶ ሄደ። በሁለተኛው ጠዋት ከነፋ በኋላ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ በር ላይ ቆመ።

«ፊል፣ እውነት ነው?» አለኝ።

«ምኑ?»

«አትቀልጂብኝ። አህያ እንኳ የምታረግዘው አሥራ ሁለት ወር ነው።»

«ድምፅ ተሰጥቶበታል እኮ» አልኩት። አፌን በቆረጠው!

«ገበያ ውስጥ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ፊቱ ላይ አፈጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱን ትቼ አፍንጫ እመረምራለሁ። አባቴ ከነሱ አንዱ ከሆነ ዕድሜዬን ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሕፃን አፍ ውስጥ የነፋሁት ምንድን ነው? የትምባሆ ሽታ?»

አንጀቴን በላው። «ነገ ሦስተኛው ጠዋት ነው፤ እንዳትቀር» ብዬ ሸኘሁት። እንዲህ ያልኩት ስለ ራሴ የልጅ ልጅ ብዬ ነው፤ አልዋሽም።

የዶናልን የሽንት ጨርቅ እያጠብኩ ማሰብ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ማላኪ የሚያየውን ሽማግሌ ይቆጥራል፤ የማያየውስ ማነው? የሰበካውን ወንዶች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። ሁሉም ወይ ብስክሌት አሠርቶበታል፣ ወይ አጠገቡ ተንበርክኮ ጸልዮአል። አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ፤ ተራራው ላይ ብቻውን የሚኖረው ባርትሊ ሚሃን። ይህ ባርትሊ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው ተራራውን ተሻግሮ ሌላ ሰበካ ነው። ዱቄቱንም የሚገዛው ከሌላ ከተማ ነው። የብስክሌት ድምፅ ከሰማ ደግሞ የመንገዱ ቦይ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ብስክሌት ይፈራል ብለን ስንት ዓመት ሳቅንበት! በመጽሐፋችን ውስጥ እንኳ «የሰበካችን ጉደኞች» በሚለው ምዕራፍ ሁለት ገጽ ሰጥተነዋል። ስምንት የታሪክ ሰዎች ቁጭ ብለን፣ የማንን ብስክሌት ነው የሚሸሸው ብሎ የጠየቀ የለም።

እጄን ሳላደርቅ አንድ ዳቦ ጠቅልዬ ወደ ተራራው ወጣሁ። የባርትሊ ደጅ ላይ የወረዳዋን ነርስ አገኘኋት። «ሳንባው አልቋል» አለችኝ በቀስታ። «ነገን የሚያይ አይመስለኝም።»

ባርትሊ በመስኮቱ በኩል ተደግፎ ተኝቷል። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«ማላኪ ያንተ ነው?» አልኩት።

«ማኅበራችሁ ድምፅ ሰጠበት?» አለ።

«መልስ!»

«የኔ ነው።» ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። «ቶም ከሞተ በኋላ ነው፤ ማንንም አልበደልንም። ላግባሽ ብያት ነበር። ዴሊያ ግን የሞቱን ወሬ እስክታረግዝ ድረስ ሸሽጋው ነበር፤ ካገባሁህ ሰው ወር ይቆጥራል አለችኝ። በዚህ ሰበካ አባት የሌለው ልጅ ወይ ነውር ነው ወይ ሐኪም። እሷ ሐኪም አደረገችው። እሱ አንተን ካየ ፈውሱ ያበቃል አለችኝ፤ ስለዚህ ፊቴን አላሳየሁትም።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት?»

«እሱ እኔን እንዳያይ ነው እንጂ፣ እኔ እሱን እንዳላይ የሚከለክል ሕግ የለም።» ሳቀ፤ ሳሉ አቋረጠው። በጣቱ ወደ መስኮቱ አሳየኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ታች የማላኪ የጥገና ቤት በር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። «ልነግረው ነው» አልኩት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እንዳታደርጊው! ያን ሁሉ ዘመን ውኃ ቦይ ውስጥ የዘለልኩት ለምን ይመስልሻል? ለጤናዬ?»

እየተበሳጨሁ ወረድኩ። አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የማላኪ በር ስደርስ አልገባሁም፤ አልፌው ሄድኩ። ዛሬ ከነገርኩት ሄዶ ያየዋል፣ ካየው ሦስተኛው ጠዋት የለም፣ ዶናል እንደጮኸ ይቀራል። እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ዝም ብል ሕፃኑ ይድናል፤ ሽማግሌው ግን አይጠብቅም። እስከ መንደሩ ጫፍ ሄጄ ተመለስኩ፣ እንደገናም በሩን አለፍኩት። በራሴ አፈርኩ። የሠላሳ ደቂቃ ሥራዬ ማላኪ ላይ ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከደረሰው በደል የከፋ መሰለኝ። በሦስተኛው ገባሁ።

ማላኪ አንድ ጎማ ገልብጦ ቀዳዳ ይፈልጋል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ምን ያህል እንደቀረው። ጎማው ከእጁ አልወረደም።

«ካየሁት ያበቃል» አለ።

«ያበቃል።»

«እሱም ያውቃል?»

«ሌላ ምን ያውቃል ብለህ ነው!»

«የዶናል ሦስተኛ ጠዋትስ?»

«ከተማ ፋርማሲ አለ!» ብዬ ጮኽኩበት። «ሂድ! ምን ያቆምሃል?»

ያገኘውን ብስክሌት ይዞ ወጣ፤ የራሱም አይደለም። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

የቀረውን የነገረችኝ ነርሷ ናት። ባርትሊ ብስክሌቱ ዳገቱን ሲወጣ ሰምቶ ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ እምቢ ሲለው ብርድ ልብሱን ጎትቶ ፊቱን ሸፈነ። ማላኪ ሲገባ ከብርድ ልብሱ ሥር ይጮኻል። «ውጣ! እንዳታየኝ፣ አንተ ሞኝ! ይጠፋብሃል!» ማላኪ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የብርድ ልብሱን ጫፍ ያዘ፤ ሽማግሌው ደግሞ በዚያ በሌለ ጉልበቱ ከውስጥ ይጎትታል። ማላኪ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀና ገለጠው። ከዚያ ነርሷ ወደ ደጅ ወጣች። ባርትሊ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ።

ዶናልን የፋርማሲው ጠብታ በአራት ቀን አዳነው። የማላኪ ትንፋሽ በሦስት ቀን ያድነው ነበር፤ እሱን ለማንም እናገራለሁ።

የታሪክ ማኅበሩ ግን መቼ ያርፋል! ከቀብሩ በኋላ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ፍራንሲ እንዲህ ሲል ሐሳብ አቀረበ፤ የባርትሊ መስኮት ጠባብ ነው፣ ክፍሉ ድንግዝግዝ ያለ ነው፣ በሞት አፋፍ ያለ ሰው ፊትም የራሱ ፊት አይደለም፤ ስለዚህ ማላኪ አባቱን በወጉ አላየም። መምህር ኮንካነንም ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ስምንት ለባዶ። ስምንተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሰበካችን ትንፋሹን እንዲያጣ አልፈለግሁማ፣ ምን ላድርግ!

ሰኞ ዕለት ከማኖርሃሚልተን ከተማ አንዲት እናት የታመመ ልጅ ታቅፋ መጣች። ውሳኔውን ይዤ እኔው ራሴ ወሰድኳት። ማላኪ ሕፃኑን አየውና ጉንጩን ዳበሰ።

«አልችልም» አለ።

«ተወስኗል እኮ! አላየኸውም» አልኩት፤ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። «ማን ያውቃል? ንፋና ተገላገል!»

ማላኪ ወረቀቱን አልተቀበለኝም።

«አይቼዋለሁ ፊል» አለኝ። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አይቼዋለሁ። ሲስቅ ግራ ዓይኑ ቀድሞ ይጨፈናል።»

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞሮ፣ ማንን እንዳየ ሳትጠይቀው፣ «አባቴን ነው» አላት።